የደብዳቤው ጀርባ

አስታ ሜዳ ከጉና ተራራ ሥር ያለች መንደር ናት፤ ከገሳይ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ታስኬዳለች። እዚያ ከመንግሥት የሚመጣ ደብዳቤ ሁሉ፣ የማዳበሪያ ይሁን የክትባት፣ የሚገባው የኔታ ጥላዬ እጅ ነው። ሌላ ማንበብ የሚችል ጠፍቶ አይደለም። የጤና ኬላዋ ልጅ ታነባለች፣ የትምህርት ቤቱ መምህራንም ያነባሉ። እነሱ ግን የሚያነቡት የተጻፈውን ብቻ ነው። የኔታ ያልተጻፈውንም ያነባሉ፤ ሰውም ይሄን ይወድላቸዋል።

የኔታ በወጣትነታቸው ደብረ ታቦር ከአንድ የመጽሐፍ መምህር እግር ሥር ሦስት ዓመት ተቀምጠው ትርጓሜ ተምረዋል። ትርጓሜ ማለት አንዲት ቃል ይዞ «ይህ ማለት እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲህ ነው፤ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ምሥጢሯን ማስፋት ነው። ትምህርቱ ሳያልቅ አባታቸው ሞቱና ወደ እርሻው ተመለሱ፤ ቆይተውም የአስታ ሜዳ ሚካኤል የንባብ አስተማሪ ሆኑ። ያላለቀው ትምህርት ታዲያ እስከ ዛሬ ሆዳቸው ውስጥ አለ። መውጫ ሲያጣ በቀበሌ ደብዳቤ ላይ ይወጣል። አንድ ጊዜ ስለ ውሻ ክትባት በመጣ ማስታወቂያ ላይ፣ ውሻ የሚለውን ቃል ብቻ ሲፈቱ ረፈደና ክትባቱ በየትኛው ቀን እንደሆነ ሳይሰማ ሰው ተበተነ። ያን ዓመት የአስታ ሜዳ ውሾች ሳይከተቡ ቀሩ። ተሳቀና ተረሳ። ባይረሳ ጥሩ ነበር።

ይሄኛው ደብዳቤ ግን የውሻ ሳይሆን የመብራት ነበር።

አስታ ሜዳ መብራት ከገባላት አራት ዓመቷ ነው። መብራቱ የገባ ሰሞን ሰው ደስ ያለው በአምፖሉ አይደለም፤ በወፍጮው ነው። ሴቶቹ ተደራጅተው የመብራት ወፍጮ አቆሙ። ከዚያ በኋላ በእጅ መፍጨት የአያቶች ወሬ ሆነ። ጥቅምት ላይ ግን ትራንስፎርመሩ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭስ ተፋና ዝም አለ፤ ወፍጮውም አብሮ ዝም አለ። ገሳይ ያሉት ወፍጮዎች የሚሠሩት በናፍጣ ነው። ናፍጣው ደግሞ ከጅቡቲ ወደብ ድረስ የሚመጣ ነውና አንድ ሳምንት ይኖራል፣ ሁለት ሳምንት ይጠፋል። ሴቶቹ እህላቸውን በአህያ ጭነው ሄደው ተራ ሲጠብቁ ይውሉና «ናፍጣ አልቋል» ሲባሉ ከነጭነታቸው ይመለሳሉ።

የየኔታ ባለቤት እቴነሽ የወደቀችው እንዲህ ስትመለስ ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። አህያዋ ቁልቁለቱ ላይ ስትንሸራተት ገመዱን ልያዝ ብላ አብራ ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሽቶ አሰረው፤ አጥንቱ ገጠመ፣ ግን ተጣሞ ገጠመ። እንዲያም ሆኖ ቤት ያለ ዱቄት አይውልም። የእጅ ወፍጮው ላይ ተመልሳ መጁን በግራ እጇና በቀኝ ክርኗ እየገፋች መፍጨት ጀመረች። የኔታ ደጅ ተቀምጠው ድምፁን ይሰማሉ። ድምፁ በየመካከሉ ይቋረጣል። የሚቋረጠው እጇን ሲያማት ነው፤ የኔታን የሚገድላቸውም ያ ዝምታ ነው። ታኅሣሥ ላይ አንድ ቀን አላስችል ብሏቸው በሩን ከውስጥ ቀርቅረው ራሳቸው ወፍጮው ላይ ተንበረከኩ። ወንድ፣ ያውም የኔታ፣ ያውም ከነጥምጥማቸው። እቴነሽ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። የፈጩትም ዱቄት ሳይሆን ቅንጬ ሆኖ ወጣ። ለሰው ግን አልተናገረችባቸውም።

ለዚህ ሁሉ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ የኔታ ጠንቅቀው ያውቃሉ፤ ማዶዎች ናቸው። ከወንዙ ማዶ ያለችው መንደር ሰኞ ገበያ ትባላለች። መብራት የምታገኘው ከዚያው ከአስታ ሜዳ ትራንስፎርመር በተሳበ ሽቦ ነው። ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰኞ ገበያዎች የራሳቸውን ወፍጮ ተክለው ነበር። «ከአቅሙ በላይ ጭነው ገደሉት» አሉ የኔታ። ያሉትም በጓዳ አይደለም። የሁለቱ መንደር ሰው በተሰበሰበበት፣ ለማዶው የዕድር ዳኛ ለይሻው ፊት ለፊት ነው ያሉት።

ይሻውና የኔታ ደብረ ታቦር አብረው የተማሩ፣ አንድ ጎጆ የተኙ፣ ከአንድ አኩፋዳ የበሉ ናቸው። ይሻው ትምህርቱን ቀድሞ ትቶ የእህል ነጋዴ ሆነ። አገር ምድሩ የኔታን አንቱ ሲል፣ እሱ ብቻ ሠላሳ ዓመት ሙሉ «አንተ ጥላዬ» ሲላቸው ኖሯል። የኔታም ውስጥ ውስጡን ይሄን ይወዱት ነበር። በዚያ ስብሰባ ላይ ግን ይሻው ጋቢውን አጣፍቶ ተነሣና «እሺ የኔታ፣ ደህና ይዋሉ» አለ። እንደ ማንም ሰው አንቱ አላቸው። የኔታ ያን ዕለት እህል አልቀመሱም። ከዚያ ወዲህም ወንዙን አልተሻገሩም።

ደብዳቤው የመጣው ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሁድ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ጥድ ሥር ተሰበሰበ። የኔታ መነጽራቸውን አደረጉና ድምፃቸውን ሞረዱ።

«ጉዳዩ፦ ትብብር እንዲደረግ ስለመጠየቅ። የአገራችንን የኃይል አቅርቦት ዋስትና ለማረጋገጥ፣ እንዲሁም ከጎረቤት አገሮች ጋር በተደረሰው የኃይል ልውውጥ ስምምነት መሠረት፣ የመስመር ማሻሻያ ሥራ እየተከናወነ መሆኑ ይታወቃል። በመሆኑም በመጪው ሐሙስ ባለሙያዎቻችን ወደ ቀበሌያችሁ ስለሚመጡ...»

እዚህ ላይ ቆሙና ወደ ላይ ተመልሰው አንዲቷን ቃል በጣታቸው ያዙ።

«ጎረቤት አገር» አሉ። «ጎረቤት አገር ማለት ምንድን ነው? ጎረቤት አገር ማለት ሱዳን ነው፤ በመተማ በኩል ያለው። አንድም ጅቡቲ ነው፤ ናፍጣው የሚመጣበት። አንድም...»

በእኛ በኩል አገር የሚለው ቃል ብዙ ይሸከማል። ሰው «አገሬ» ሲል ሁልጊዜ ኢትዮጵያን ማለቱ አይደለም፤ እትብቱ የተቀበረበትን ቀዬ ማለቱም ነው። ወንዝ ተሻግራ ያገባች ሴት አገር ለቃ ሄደች ይባላል፤ ጭሷ ከእናቷ ደጅ እየታየ። እንግዲህ በዚህ አነጋገር የአስታ ሜዳ ጎረቤት አገር ማን እንደሆነ ለመገመት ሦስት ዓመት መጽሐፍ ቤት መግባት አያስፈልግም።

«አንድም ማዶ ነው» አሉ የኔታ።

ሕዝቡ አጉረመረመ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ልውውጥ ማለት ከአንዱ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው። መስመር ማሻሻል ማለት ሽቦውን ከዚህ ፈትቶ ወደዚያ መሳብ ነው። የኔታ እያንዳንዱን ሲፈቱ ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ ሰው በነቀነቀ ቁጥር የኔታ ይበረታሉ። አዳነ የሚባል ጎልማሳ ገበሬ ተነሥቶ፣ «ታዲያ ተባበሩ የሚሉን ሽቦአችንን ነቅለው ለማዶ ሲሰጡ ቆማችሁ እዩ ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ቃሉ የሚለው እንደዚያ ነው» አሉ የኔታ።

ፀሐይዋ በረታች፣ ያልበላ ሰው ራበው፣ ጉባኤው ተፈታ። ሐሙስ ድልድዩ ላይ ቆመው ባለሙያዎቹን ሊመልሱ ተስማሙ። ደብዳቤውም ተጣጥፎ የየኔታ ዳዊት ውስጥ ገባ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የተፈታው ሦስት መስመር ነበር።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው አቧራውን እያስነሣ መጣ። ከላዩ በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ዕቃ ጭኗል። አስታ ሜዳ መግቢያ ላይ ካለችው የድንጋይ ድልድይ ሲደርስ የኔታ ከፊት፣ አዳነና አሥር የሚሆኑ ወንዶች ከኋላ ሆነው ቆመው ነበር። ከመኪናው ማህሌት የምትባል ወጣት ኢንጂነር ወረደች። ከደብረ ታቦር ከመብራቱ ቢሮ ነው የመጣችው። በሥርዓት ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች፤ የኔታም በሥርዓት መለሱ። ጠብ ይሁን እንጂ ብልግና የለም።

«ደብዳቤው ደርሷችኋል አይደል፣ የኔታ?»

«ደርሶናል።»

«አንብባችሁታል?»

«ከነምሥጢሩ።»

ማህሌት ወደ ወንዶቹ ተመለከተች። «ታዲያ መንገዱን ለምን ዘጋችሁት?»

«አንፈልግም ነው የምንል፣ ልጄ። አንቺ የታዘዝሽ ነሽ፤ በአንቺ አንቀየምም።»

«የኔታ፣ ዛሬ ካልሆነ ለተረኛው ነው የሚሰጠው። ይሄን ያውቃሉ?»

«ተረኛው ማን እንደሆነም እናውቃለን» አሉና ወደ ማዶ በአገጫቸው አመለከቱ።

ማህሌት ግራ ገባት። ተረኛው በደብዳቤው ላይ በስሙ ተጠቅሷልና አነበብን ማለታቸው እውነት መስሏት ነው። ቦርሳዋን ከፍታ ወረቀት አወጣችና ያልተቀበሉበትን ምክንያት ጽፈው እንዲፈርሙላት ጠየቀቻቸው። የኔታ ወረቀቱን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘርግተው፣ የብራና ጽሑፍ በሚመስል እጃቸው «ለጎረቤት አገር የምንሰጠው ኃይል የለንም» ብለው ጻፉ። ፈረሙ። ማህሌት ሁለት ጊዜ አነበበችው። አስታ ሜዳ ለሱዳንና ለጅቡቲ መብራት መሸጡን ተቃውማ መንገድ የዘጋች መሰላት።

«ይሄ እንኳ ከእኔ አቅም በላይ ነው» ብላ ተሰናበተች።

መኪናው የኋሊት ሄዶ መገንጠያው ላይ ዞረ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ ገሳይ መሄዱን ትቶ በታችኛው መንገድ ወደ ሰኞ ገበያ ታጠፈ። አዳነ በጣቱ እያሳየ «ይኸው» አለ። የየኔታ ደረት ሞልቶ ነበር፤ ትርጓሜያቸው በዓይን ሲታይ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

ቤት ሲገቡ እቴነሽ ወፍጮው ላይ ነበረች። የሆነውን ሁሉ ከነአነጋገሩ ነገሯት። እሷም መጁን አስቀምጣ ክርኗን እያሸች አዳመጠች። ሲጨርሱ አንድ ነገር ጠየቀች።

«መኪናው ላይ ምን ነበር?»

«በሸራ የተሸፈነ ዕቃ።»

«ምን ያህላል?»

«ከበርሜል ይበልጣል። መኪናውን ወደ ኋላ አስደግፎታል።»

«ሊነቅል የሚመጣ ሰው ባዶ መኪና ይዞ ይመጣል እንጂ ምን ጭኖ ይመጣል?»

የኔታ ደብዳቤው ወዳለበት ዳዊታቸው ዞሩ።

«እስቲ ደብዳቤውን ያምጡት» አለች እቴነሽ። ፊደል አልቆጠረችም። ወረቀቱን ተቀብላ ላይ ታች አየችው፤ እንደ ሴት ወግ፣ እንደ ገበያ ጨርቅ፣ ገለበጠችና የውስጡን ተመለከተች። «ይሄ በዚህ በኩል ያለውስ ምን ይላል?»

ጀርባ ነበረው። የኔታ መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡ።

«...በጥቅምት ወር የተቃጠለው የአስታ ሜዳ ትራንስፎርመር በአዲስና ጉልበቱ በበለጠ ስለሚተካ፣ ነዋሪዎች መኪናውን በማሳለፍና በጉልበት በማገዝ እንድትተባበሩ እንጠይቃለን። ርክክቡ በዕለቱ ካልተፈጸመ ዕቃው በተራው ለሚቀጥለው የእብናት ቀበሌ የሚሰጥ መሆኑን እናሳስባለን።»

ይሄ አንድም የለውም። ሕፃን ያነበዋል።

የኔታ መደቡ ላይ ተቀመጡ። የእቴነሽን የተጣመመ እጅ አዩና ዓይናቸውን ሰበሩ። አፈሩ፤ ከማፈራቸው ይልቅ ግን ፈሩ። እብናት የገባ ትራንስፎርመር ተመልሶ አይመጣም። ሌላ ተራ እስኪደርስ ዓመት ነው፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ዓመት ሙሉ ያ መጅ በግራ እጅና በክርን ሊገፋ ነው፤ በመካከሉም ያ ዝምታ። የፈረሙት ደግሞ በገዛ እጃቸው፣ ያውም አሳምረው ነው።

እቴነሽ ብትቆጣ ይሻላቸው ነበር። አልተቆጣችም። በትራቸውን ከጥግ አንሥታ ሰጠቻቸው።

«ይሂዱ።»

«ወዴት?»

«ማዶ ነዋ። መኪናው ማዶ አይደል የገባ?»

የኔታ ከነስድሳ ሁለት ዓመታቸው ቁልቁለቱን እየሮጡ ወረዱ። ነጠላቸውን ቁጥቋጦ ሲይዘው አልቆሙለትም፤ ተቀደደ። ሦስት ወር ያልረገጡትን ወንዝ ጫማቸውን ሳያወልቁ ገቡበት። በልባቸው ሁለት ነገር ይሯሯጥ ነበር፤ አንደኛው መኪናው ወደ እብናት ሄዶ ይሆናል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሰኞ ገበያዎች ዕቃውን ለራሳቸው አስተክለውት ይሆናል የሚል ነው። ሽቦው ያው አንድ ሽቦ ነው፤ ምሰሶም አላቸው። በይሻው ቦታ እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብለው ራሳቸውን ጠየቁና መልሱን አልወደዱትም።

ዳገቱን ወጥተው ሰኞ ገበያ ሲደርሱ መጀመሪያ ያዩት መኪናውን ነው። ይሻው ደጅ ባሕር ዛፉ ሥር ቆሟል። ሸራው አልተነካም። ከጎኑ ማህሌትና ሠራተኞቹ፣ ሹፌሩ ሞላም ጭምር፣ ቁርበት ላይ ተቀምጠው ትኩስ ድንች በአዋዜ እየበሉ ነው። ይሻው ከመካከላቸው ነበር። የኔታን ከነተቀደደ ነጠላቸው፣ ከነውኃ ያዘለ ጫማቸው አያቸው። ድንቹን እየላጠ፣ ቀና ሳይል ማለት ይቻላል፣

«ጀርባውን አነበብከው?» አለ።

አነበብከው። አነበቡት አላለም። ያን ሁሉ መንገድ ሮጠው ያልመጣ እንባ አሁን የኔታን መጣባቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ላብ አስመሰሉት።

«አነበብኩት» አሉ።

«ስንት ሰዓት ነው?» ይሻው ወደ ማህሌት ዞረ።

«ስምንት ሊሆን ነው።»

«ስምንት አላልኩሽም?»

ማህሌት ሳቋን መያዝ አቃታት። ነገሩን ለየኔታ ያስረዳቻቸው እሷ ናት። ይሻው መገንጠያው ላይ አስቁሟቸው ምን እንደሆኑ ጠየቀ፤ እሷም የየኔታን ወረቀት ከደብዳቤው ቅጂ ጋር አሳየችው። ጎረቤት አገር የሚለውን ሲያነብ ወገቡን ይዞ ሳቀ። «ጥላዬ ገና የፊቱ ገጽ ላይ ነው ያለ» አላት። «እኔ አውቀዋለሁ። ደብረ ታቦርም ጓደኞቹ ምዕራፍ ሲጨርሱ እሱ አንዲት ቃል ይዞ ይቀር ነበር። ምሳ ብሉና እስከ ስምንት ሰዓት ጠብቁት። ገጹን ይገለብጠዋል፤ እሱ ባይገለብጠው እቴነሽ ትገለብጥለታለች።»

«እኔማ ከምመልሰው እዚሁ ልትከልላችሁ ብያቸው ነበር» አለች ማህሌት። «መስመሩ አንድ ስለሆነ ይቻል ነበር። አቶ ይሻው እንቢ አሉ።»

የኔታ ይሻውን አዩት።

«ምን ታየኛለህ?» አለ ይሻው። «የእናንተ ምሰሶ ላይ የነበረ ዕቃ ነው። እኛ ደጅ ተተክሎ ዕድሜ ልኬን አንቱ ስልህ ልኑር?»

የኔታ አንዲት ጥያቄ ቀርታቸው ነበር፤ መልሷን ይፈሩ ነበር፤ ግን ጠየቁ። የፊተኛውን ትራንስፎርመር ማን ነው ያቃጠለው?

«ማንም» አለች ማህሌት። «ዕቃው ሲተከልም ሌላ ቦታ ያገለገለ፣ ያረጀ ነበር። ዘይቱ ሲያንጠባጥብ ከርሞ አልቋል። እዚህ ወፍጮ ቢተከልም ባይተከልም ዓመት አይደፍንም ነበር።»

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ። የኔታ አካባቢያቸውን ቃኙና ከአጥሩ ሥር አንድ ደልዳላ ድንጋይ አነሡ። ጫንቃቸው ላይ ሊያደርጉት ሲታገሉ ይሻው ተነሥቶ ከእጃቸው ወሰደው። አልወረወረውም። ወደ መኪናው ሄዶ ከኋላ ጫነው።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። «ድንጋዩ ያስፈልገናል። የድልድያችሁ ዳገት ላይ ጎማው ይንሸራተታል።»

ሞላ ሞተሩን ሲያስነሣ የኔታን ገቢና አስገቧቸው። የኔታ ዝም ብለው ሊሄዱ አሰቡ። አልቻሉም።

«ልጄ፣ ለመሆኑ ያ ጎረቤት አገር የተባለው በቁሙ የትኛው ነው?»

«በቁሙማ እነጅቡቲ፣ እነሱዳን ናቸው፣ የኔታ» አለ ሞላ። «እኔ ድሮ የናፍጣ ቦቴ ነበር የምነዳ። ጅቡቲ የማድርበት ቤት ጣሪያው ላይ ማራገቢያ አለች፤ በዚያ ሙቀት ያለ እሷ መተኛት አይታሰብም። ባለቤቱ አንድ ቀን ‹ይቺ የምትዞረው ከእናንተ በሚመጣ መብራት ነው› አለኝ። እኔም ‹ያ ደጅህ የቆመው ቦቴም የሚሞላው ከእናንተ ወደብ ነው› አልኩት። ሳቀና ሻይ ደገመኝ። ይቺ የጫንናትም ራሷ በዚያው ወደብ ነው የገባች።»

የኔታ ጥቂት አሰቡ። «የእኛ መብራት ለእነሱ ሲሄድ የእነሱ ናፍጣ ለእኛ ይመጣል።»

«እንደዚያ ነው።»

«ዛሬ እኔ ያንተን አጭዳለሁ፣ ነገ አንተ የእኔን።»

«እንደዚያ ነው፣ የኔታ።»

«ወንፈል ነዋ!» አሉ የኔታ፣ ጉልበታቸውን መትተው። «ወንፈል ብላችሁ ብትጽፉ ምን ነበረበት? የኃይል ልውውጥ ስምምነት ብላችሁ ለጥፋት ዳረጋችሁኝ።»

ከኋላ ወንበር ማህሌት ለሚቀጥለው ደብዳቤ ቃሉን እንደምትዋስ ነገረቻቸው። የኔታ ጥፋቱን ግማሽ በግማሽ በመካፈላቸው ትንሽ ቀለላቸው።

መኪናው የድልድዩ ዳገት ላይ እንደተባለው ተንሸራተተ። የሰኞ ገበያ ወንዶች ከኋላ ተከትለው መጥተው ነበርና ገፉ። አዳነና ጓደኞቹም ከላይ ሮጠው ወርደው ገፉ። ጠዋት ሊያግዱት የቆሙትን መኪና ከሰዓት ሲገፉት እርስ በርስ አልተያዩም። ጎማው መልሶ ሊንሸራተት ሲል ይሻው ያቺን የይቅርታ ድንጋይ ሥሩ ወሸቃት። ያዘች። መኪናው አለፈ። ድንጋይዋ እስከ ዛሬ ድልድዩ አፍ ላይ አለች።

ምሰሶው እንዳለ ስለነበር ሥራው ብዙም አልፈጀም። አሥራ አንድ ሰዓት ሊል ሲል ማህሌት ከታች ሆና እጇን አነሣች፤ ላይ ያለው ሠራተኛ ማብሪያውን በረጅሙ ዘንግ ገፋው። ከዚያ የወፍጮ ቤቱ ሞተር አጉረመረመ፣ ድምፁ ከፍ አለ፣ ቀበቶው መዞር ጀመረ። እልል ተባለ። የኔታ ጥምጥማቸውን አውልቀው አንድ ዛፍ ተደግፈው ተቀመጡ።

ማህሌት የርክክብ ወረቀት ይዛ መጣች። የጠዋቱን ወረቀት ፊታቸው ቀደደችላቸውና ይሄኛውን እንዲፈርሙ ሰጠቻቸው። የኔታ ብዕሩን ተቀበሉ። ከመፈረማቸው በፊት ወረቀቱን ገለበጡና ጀርባውን አዩ። ባዶ ነበር። ቢሆንም ላይ ታች በደንብ አዩት። ይሻው ከኋላቸው ሆኖ ሲስቅ ሰሙት።

ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የአስታ ሜዳ ሴቶች ተሰልፈዋል። የሰኞ ገበያ ሴቶችም ወሬውን ሰምተው እህላቸውን በጀርባቸው አዝለው ወንዙን ተሻግረው መጥተዋል። የእነሱ ወፍጮም መብራት አግኝቷል፤ ግን ሁለት ሳምንት ብቻ ሠርቶ የቆመ አዲስ ወፍጮ መነካካት ይፈልጋል። እቴነሽ ከፊት ነበረች፤ እጇ የታመመ ስለሆነ ማንም ተራ አልከለከላትም። እህል የያዘ ማዳበሪያዋን መሬት ላይ አስቀመጠችና የይሻውን ሚስት የሺን በስሟ ጠራቻት።

«ነይ፣ አንቺ ቅደሚ። ዛሬ የእኛን እንግዶች አብልተሻል።»

ከየሺ ቀጥሎ የእሷ ተፈጨ። የኔታ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። እቴነሽ ዱቄቷን በግራ እጇ ዘግና በመዳፋቸው ላይ አደረገችላቸው። ትኩስ ነበር፤ ደቃቅና ልስልስ፣ ገና ከድንጋዩ የወጣ። የኔታ መዳፋቸውን ሳይጨብጡ ረጅም ጊዜ አዩት። ወፍጮው ከውስጥ ሳያቋርጥ ይጮኻል፤ በመካከሉ ዝምታ የለበትም።

«ይህ ማለት...» ብለው ጀመሩ።

እቴነሽ ያቺን የተጣመመች እጇን አንሥታ አፋቸው ላይ አደረገችባቸው። መዳፏ ዱቄት ነበረውና ጢማቸው ነጣ።

«ዱቄት ነው» አለች።

የኔታም አንድም አልጨመሩበትም።